የሩፋኤል ዝናብና የቨርሷው ሽንት ቤት

አማቱን ማስደነቅ የፈለገ ሰው በዚህ አገር የሚያሳየው አያጣም። ሐይቁ አለ። በነሐሴም በረዶውን የማያወልቅ ተራራ አለ። ሰዓቱን ዝንፍ የማያደርግ ባቡር አለ። ቸኮሌቱን ተዉት። እኔ ግን ይሄ ሁሉ እያለልኝ አማቴን ሽንት ቤት አስጎበኘኋቸው። በኋላ የመጣብኝ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ጉብኝት የተወለደ ስለሆነ ወጌን ከዚያው ልጀምር።

የምንኖረው ቨርሷ ነው፤ ጠዋት ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ጄኔቭ የሚነጉድባት፣ ማታ ለእንቅልፍ ብቻ የሚመለስባት የሐይቅ ዳር ከተማ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ። ባለቤቴ አዜብ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። የተከራየነው ምድር ቤቱን ሲሆን ከላያችን የቤቱ ባለቤት ሙሴ ሮዤ ይኖራሉ። ሙሴ ሮዤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የቀራቸው ፍቅር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዝናብ ውሃ ነው። ሌላ አከራይ ቁልፍ ያስረክባል፤ እሳቸው የገባን ዕለት ጣሪያውን፣ አሸንዳውንና ከአትክልቱ ሥር የተቀበረውን ታንከር አስረከቡን። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከገባኝ ለሌላ ሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሊፍት ውስጥ ገብቼ ለማላውቀው ሰው ስለ ሊፍት አወራለሁ። አዜብ ሁልጊዜ "ገናው፣ ዝም አይነቅዝም" ትለኛለች። እኔ የምፈራው እውቀቴ እንዳይነቅዝ ነው።

እንግዲህ አዜብ ዘጠነኛ ወሯ ውስጥ ገብታ ሳለች እናቷ ወይዘሮ የሺ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጡ። ለቪዛው ያየነውን አበሳ ካነሣሁት ወጉ ወደ ለቅሶ ይዞርብኛል፤ ይቅር። አዜብ የምትወልደው የመጀመሪያ ልጇን ነው። ሐኪሙም አዋላጇም ሁሉ ደህና ነው ይሏታል፤ እሷ ግን ተኝታ ትባንናለች። "እማዬ አጠገቤ ካለች እችለዋለሁ፤ ከሌለች አልችልም" ስትል ነው የከረመችው። እናቷ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ሲቆሙ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ይህን የምነግራችሁ ምላሴ ምን ሊያሳጣት እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

በመጡ በማግስቱ አማቴ ከሽንት ቤት ወጡና "ልጄ፣ ውሃው ደፈረስ አለብኝሳ፤ እዚህም ፈረቃ አለ እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ እማዬ" ብሎ ማለፍ ነበር። ነገር ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጫማዬን አጥልቄ ወደ ጓሮ ይዣቸው ወጣሁ።

"ይመልከቱ እማዬ። ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ እዚያ አሸንዳው ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ በዚህ በቆመው ቱቦ ይወርዳል። እዚህ ጋ ደግሞ ማጣሪያ አለ፤ ቅጠሉን፣ ላባውን፣ የወፍ ኩሱን ያስቀረዋል። የተጣራው አሁን ከእግርዎ ሥር ወዳለው ታንከር ይገባል።"

አማቴ ደንግጠው አንድ እግራቸውን አነሡ።

"ደግሞ ዝም ብሎ አይዘረገፍም። ቱቦው እስከ ታች ወርዶ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ውሃው በእርጋታ እንዲገባና የዘቀጠውን እንዳይቀሰቅስ። ፓምፑም ከታች አይስብም። ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች፤ መሳቢያው እሷ ላይ ተንጠልጥሎ የጠለለውን ብቻ ይወስዳል።"

"እንደ ጠላ በለኛ! አተላውን ሳይነኩ ከላይ መቅዳት" አሉ፣ ገርሟቸው።

"ልክ እንደ ጠላ!" አልኩ። እንዲህ ያለ ተማሪ ከየት ይገኛል? ሞቅ አለኝ። "ታንከሩ ሲሞላ ትርፉ በሌላ ቱቦ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ዝናብ ጠፍቶ ሲጎድል ደግሞ የከተማው ውሃ ራሱ ተከፍቶ ይሞላዋል። ግን ሁለቱ አይነካኩም። የከተማው ቧንቧ ከፍ ብሎ በአየር ላይ ነው የሚያፈስለት፤ የሚጠጣው ከዝናቡ ጋር እንዳይገናኝ።"

"ጎሽ። ይሄ ሁሉ የተደከመለት ዝናብ ታዲያ ለምን ይሆናል?"

"አትክልት ይጠጣበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል" አልኩና የመጨረሻውን ጎላ አድርጌ፣ "ሽንት ቤቱም የሚለቀቀው በእሱ ነው! በዚህ አገር አንዲት ጠብታ አትባክንም፣ እማዬ!"

አማቴ ሣሩን አዩ። ሰማዩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ጳጉሜ ሦስትስ?" አሉ።

ከአገር ከወጣችሁ ቆይታችሁ ለረሳችሁ ላስታውሳችሁ። ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ስለሆነ የዚያን ዕለት ዝናብ ጸበል ነው። ልጅ ሆኖ ራቁቱን በሰፈሩ እየሮጠ ያልታጠበበት ማን አለ? እናቶች ሳፋቸውን ደጅ አውጥተው ያጠራቅሙታል፤ ቡሆ ላይ ጠብ የሚያደርጉትም አሉ። ሩፋኤል ደግሞ የእርጉዝ ሴቶች ጠባቂ ነው፤ ማኅፀን የሚፈታው እሱ ነው ይባላል። አማቴ የጉዟቸውን ቀን ያስቆረጡት ይህን በዓል አስበው ነበር። ልጃቸውን በዚያ ዝናብ ሆዷን ሊያጥቧት።

"የሩፋኤልን ጸበል ሽንት ቤት ትለቁበታላችሁ?" አሉ ቀስ ብለው።

"እማዬ፣ ማሽኑ እኮ ቀን አይለይም…"

"ማሽኑን ተወው። በዕለቱ ይዘንባል አይዘንብም?"

ስልኬን አየሁ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይዘንባል አለ። ሌላ ጊዜ ሲሳሳት የሚኖር ስልክ ነው።

"እንግዲያው እኔ እዚህ ሆኜ ያንን አላይም" አሉ። "ልጄ ልትወልድ ቀናት ሲቀራት፣ የሚያዋልዳትን መልአክ ስጦታ እንዲያ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ደግሞ በምን አፌ ነው እሱን የምለምነው? ቲኬቴን አዙርልኝ። አገሬ እገባለሁ።"

ስሜታዊ ሆነው የተናገሩት ቢሆን ኖሮ ይበርዳል ብዬ እተወው ነበር። ነገር ግን ተረጋግተው ነው ያሉት፤ ገብተውም ሻንጣቸውን አልጋ ላይ ከፈቱት። አዜብ ከሥራ ስትመለስ እናቷ ነጠላ ሲያጥፉ አገኘቻቸው። ነገሩን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች።

"ፍሪጁ አለ፤ ቴሌቪዥኑ አለ። ስለ እነሱ አታስረዳትም ነበር?" አለችና ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን አቅፋ አለቀሰች። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት መድኃኒት የአማቴን የንስሐ አባት ነበር። ደወልንላቸው። ድምፁን ለሁላችንም ከፍተን ነገሩን ከጣሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው፤ ኳሷን እንኳን አልዘለልኩም።

"ዝናቡን ለዚያ ካዋሉት የሚጠጡትን ከየት ያመጡታል?" አሉ አባ።

"ከሐይቁ፣ አባ።"

"ሐይቁስ ከምን መጣ?"

"ከተራራው በረዶ… ከዝናብም።"

"የጳጉሜ ሦስቱም ሐይቁ ላይ ይዘንባል?"

"ይዘንባል፣ አባ።"

አባ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ "እንግዲህ የሺ…" ብለው ሲጀምሩ አማቴ እጃቸውን ሰደው ስልኩን ዘጉትና "ኔትወርኩ ተቋረጠ" አሉኝ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ዝናቡ መጣ። ችኩል ዝናብ አልነበረም፤ የሚውልበትን ቀን የሚያውቅ፣ የተደላደለ ዝናብ ነበር። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው የሽንት ቤቱ በር ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቲኬቱ ስላልተገኘላቸው ነው እንጂ እስካሁን ሄደው ነበር፤ እስኪገኝ ግን ማንም ያንን ውሃ አይለቅም። አዜብ ደግሞ እንደምታውቁት ዘጠነኛ ወሯ ነው። እርጉዝ ሴት ከሽንት ቤት ርቃ የምትቆይበትን ጊዜ የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ወደ ባቡር ጣቢያው ሽንት ቤት መመላለስ ያዝን። አዜብ ከፊት፣ እናቷ ክንዷን ይዘው፣ እኔ ከኋላ ጃንጥላ ዘርግቼ። ተመልሰን ጫማ ሳናወልቅ እንደገና እንወጣለን። በኋላ አዜብ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና "ከዚህ አልነሣም። እዚሁ እወልዳለሁ፤ ልጄን የፈለገው ባቡር ይውሰደው" አለች።

እዚያ ላይ ወንድነቴ ተነሣ። ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ዝናቡ ታንከር ካልገባ ሽንት ቤትም አይገባም። እናትና ልጅን ጣቢያው መጠለያ ሥር ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ መሰላል አቁሜ ከማጣሪያው በላይ ያለውን መጋጠሚያ ነቅንቄ ነቅንቄ ቱቦውን አወለቅኩት።

ጣሪያ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ የሚያውቀው ከሥሩ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ከታች ሲያዩት ትንሽ ቤት ነው። ያ ሁሉ ጣሪያ በአንድ ቱቦ አፍ ሲመጣ ግን ምንጭ ያመሰገነ ሰው ዓባይን ያየ ያህል ነው። ከነመሰላሌ ገፋኝ። ጸበል ስለሆነ መቼም መሬት ላይ አይፈስስም፤ ሳፋውን አመጣሁ። ሞላ። ባልዲውን አመጣሁ። ሞላ። የዶሮ ወጡን ድስት፣ የበዓሉን ጎላ ድስት፣ ገና ከፕላስቲኩ ያልወጣውን የሕፃኑን መታጠቢያ ደረደርኩ። እኔ በፈረቃ ውሃ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የሚፈስ ውሃ ሳይ እጄ ራሱ ዕቃ ይፈልጋል። ጆግ፣ ቴርሞስ፣ የአበባ ማስቀመጫ… በመሐል እናትና ልጅ ዝናቡ ሰልችቷቸው ተመለሱ። አማቴ መስኮቱን ከፍተው እንደ ግንባታ ፎርማን ያዙኝ።

"ያ ሞላ! ያኛው ሞላ እኮ! ኧረ ሩፋኤልን መሬት ላይ አታፍስሰው!"

"ዕቃ አለቀ፣ እማዬ!"

"ሻንጣዬን ውሰድ!"

ሻንጣቸውን ልቀበል ስዞር ሣሩ ላይ የተጠራቀመው ውሃ መንገዱን አግኝቶ የሙሴ ሮዤን ካቭ፣ ማለትም ምድር ሥር ያለውን ዕቃ ቤታቸውን፣ ደረጃ በእርጋታ መውረድ ጀምሮ ነበር። ወዲያው ሙሴ ሮዤ ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ። የተነቀለውን ቱቦ አዩ። ድስቶቹን አዩ። አልጮኹም። ሽማግሌው መጮህ አያውቁም፤ እሱ ነው የሚያሳፍረው።

"ቱቦዬ ምን አድርጎህ ነው?" አሉኝ።

የእኔ ፈረንሳይኛ ለሻንጣ የሚበቃ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከባድ፣ ቀላል፣ የጠፋ። ለሩፋኤል አይበቃም። "ዛሬ ሩፋኤል የሚባል… ውሃውን የላከው እሱ ነው" አልኩ።

"ማነው እሱ?"

"መልአክ ነው።"

"መልአክ" አሉና ጥቂት አሰቡ። "ቱቦውን የነቀለው እሱ ነው?"

"አይ፣ እሱ እንኳን እኔ ነኝ።"

አዜብ በመስኮት ብቅ ብላ ነገሩን በደንቡ አስረዳችልኝ፤ እሷ ቋንቋውን ተምራበታለች። ስለ በዓሉ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ባቡር ጣቢያው፣ ስለ ሆዷ። ሙሴ ሮዤ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ካቭ ወረዱ። ተከተልኳቸው። ከፓምፑ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሳራቺኔስካ፣ የቧንቧ መክፈቻና መዝጊያ፣ ነበረች። በሁለት ጣታቸው ይዘው አዞሯት።

"ይኸው። ከአሁን ጀምሮ ሽንት ቤቱ የሚያገኘው የከተማውን ውሃ ነው" አሉ። "ፓምፑ ሲበላሽ የምጠቀምባት ናት። ስትገቡ አሳይቼህ ነበር።"

አሳይተውኛል። ያን ጊዜ ግን እኔ ከዚያ በፊት የነገሩንን ለአዜብ በሹክሹክታ እያስረዳሁ ነበር።

አዜብ ሽንት ቤት ገባች። ውሃው ሲለቀቅ የሰማሁትን ድምፅ የሚያህል ሙዚቃ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ስትወጣ እናቷ በረንዳው ላይ ጠበቋት። ከሕፃኑ መታጠቢያ በጆግ ቀዱ። ከዝናቡ ሥር አቁመዋት፣ ልብሷን ገለጥ አድርገው፣ ሆዷ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አዜብ ዓይኗን ጨፍናለች። እስካሁን እየሳቅኩ ነው የማወራላችሁ፤ ያን ሰዓት ግን ሆዴ ባባ። ሙሴ ሮዤም ከደረጃው ሥር ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆመው ነበር።

ቱቦውን መልሼ ገጠምኩት፤ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ታንከሩን ሲሞላ ዋለ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ሙሴ ሮዤ ሳራቺኔስካዋን ሊመልሱ ሲወርዱ አማቴ የካቭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

"ታንከሩ ውስጥ ያለው የትናንቱ አይደል?" አሉኝ አማቴ። "በላቸው።"

ሙሴ ሮዤ ታንከሩ ውስጥ የቆየ ውሃም እንደነበረ፣ የትናንቱ ከፊሉ ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዱ። አዜብ ተረጎመች።

"ጸበል ውሃ ላይ ጠብ ሲል ውሃው ጸበል ይሆናል እንጂ ጸበሉ ውሃ አይሆንም" አሉ አማቴ። "ሁሉም የእሱ ነው።"

"ነገ ቢዘንብበትስ?" አሉ ሙሴ ሮዤ።

"የዘነበበትም ጸበል ይሆናል።"

ሽማግሌው አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። በዚህ ሒሳብ ሽንት ቤታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ዝናብ አያይም። ሌላ ሰው ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር። እሳቸው ግን ታንከሩን ውስጡን ማጽዳት ከፈለጉ ቆይተዋል፤ ለማጽዳት ደግሞ ባዶ መሆን አለበት። "እስከ ታች ተሟጥጦ ካለቀስ?" ብለው ጠየቁ።

"ካለቀማ አለቀ" አሉ አማቴ።

ሁለቱ በዚህ ተስማሙ። ሙሴ ሮዤ አዲስ ዝናብ እንዳይገባ መግቢያውን ወደ ትርፍ መውጫው አዞሩት። ቀረን ታንከሩን ማራገፍ። "ያለ ሽንት ቤት ይሄን ሁሉ ውሃ በምን እንጨርሰዋለን?" ስል አማቴ እንደ ሞኝ አዩኝና "ሐበሻ ጥራ" አሉኝ።

አዜብ የሐበሾቹ የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፈች፤ የሩፋኤል ዝናብ አለ፣ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ ሙሴው አይጠጣም ብለዋል። ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ ደጃችን ላይ የጀሪካን ሰልፍ ነበር። ወረፋ ይዞ ቡና ሊጠጣ የሄደ ሰው በጀሪካኑ ተወክሏል። "የማን ናት ይቺ ቢጫ?" የሚል ድምፅ ስሰማ ሰፈሬ ያለሁ መሰለኝ። ሙሴ ሮዤ የአትክልቱን ቧንቧ ይዘው እየቀዱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው "አይጠጣም" ይላሉ፤ ሰዉም "አሜን" ይላል።

ከሽሊረን ጓደኛዬ ሰይድ መጣ። የወሎ ልጅ ነው፤ ዙሪክ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር በባቡር አቋርጦ፣ አንድ ትልቅ ሻንጣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ነው የደረሰው።

"አንተ ደግሞ ሩፋኤልን ምን አገባህ?" አልኩት።

"ዝናብ ራህመት ነው፤ በማን ቀን ወረደ ብዬ አልጠይቅም" አለኝ። "ደግሞ ባለቤቴ የዙሪክ ውሃ ፀጉሬን አደረቀው እያለች ነው። የዝናብ ውሃ ኖራ የለውም፣ ያለሰልሳል፣ ገናው! ይልቅ ቶሎ በሉ፣ ከሰዓት ተርሚን፣ ቀጠሮ አለብኝ።"

ስለ ኖራው ላስረዳው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አዜብ አየችኝ፤ ዘጋሁት።

ይሄን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ማዳም ሲመለከቱ ኖሯል። አሮጊት ናቸው፤ ከእኛ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም። ሰልፉ ሲረዝም ወጡና ፊታቸው ገርጥቶ "ሙሴ፣ ውሃ ሊቋረጥ ነው እንዴ? ማዘጋጃ ቤቱ አስታውቋል?" አሉኝ። "አይ ማዳም፣ ውሃው የመልአክ ነው" አልኳቸው። ይህ መልስ ያረጋጋል ብዬ ነበር። ማዳም ገብተው ማጠጫቸውንና ሁለት ድስት ይዘው ተመለሱና ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። የእኛ ሴቶች ደግሞ ሽማግሌ ከኋላ ሲቆም አይወዱም፤ "ማዘር ይቅደሙ፣ ኧረ ይቅደሙ" እያሉ በእጅ በእጅ አሳልፈው ከፊት አቆሟቸው። ማዳም ይህን ሲያዩ ነገሩ በእርግጥ አስጊ እንደሆነ ተረዱ መሰለኝ ሌላ ድስት ሊያመጡ ሮጡ። እሳቸውን አይተው ከማዶ ያሉት ጎረቤቶችም ባልዲ ይዘው መጡ። ታንከሩ የተራገፈው በፈረንጆቹ ብርታት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ውሃው ሲያልቅ ሙሴ ሮዤ ባትሪ ይዘው በታንከሩ አፍ ወደ ታች አዩ፤ ደስታቸው እንደ ልጅ ነበር። አማቴም አጎንብሰው አዩና "አሁን አዙሩት" አሉ። ሻንጣቸውም ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ። አዜብ የዚያን ዕለት ሳትባንን አደረች።

ምጡ የመጣው ከዘመን መለወጫ በኋላ፣ አንድ ፀሐያማ ጠዋት ላይ ነው። ጄኔቭ ሆስፒታል ደረስን። የማዋለጃው ክፍል በር ላይ አዜብ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው እናቷን ይዛ ደረሰች። አማቴ ግን ደፉ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ፤ አዜብን አዋላጇ ይዛት ገባች።

"አንተ ግባ" አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እማዬ፣ እሷ እኮ እርስዎን ብላ ነው…"

"ከአዜብ በፊት አንዲት ነበረችኝ" አሉ። "ሆስፒታል ወልጄ፣ ከሆስፒታል ባዶ እጄን ነው የወጣሁት። አዜብን ቤቴ ነው የወለድኳት። ከዚያ ወዲህ ይሄን መሰል በር ረግጬ አላውቅም። አልችልም ልጄ። በሩ ላይ ነኝ በላት። ድምፄን ትሰማለች።"

ለካ ያ ሁሉ ነገር ይህ ነበር። እኔ ስለ ቱቦ ሳስረዳቸው እሳቸው ይህን ይዘው ነበር የሚሰሙኝ። እጃቸውን ስሜ ገባሁ።

እውነትም ድምፃቸው ተሰማ። በሩ ሳይዘጋ ገርበብ ብሎ፣ አማቴ ከውጭ ሩፋኤልን በስሙ እየጠሩ፣ አዜብ ከውስጥ ስትጮህ "አለሁ ልጄ፣ አለሁ!" እያሉ። አዋላጇ አንዴ ልትዘጋው ሄዳ፣ አዜብን አየችና ይበልጥ ከፈተችው። ስለ ቀሪው አልነግራችሁም፤ ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። በመጨረሻ ሕፃኗ አለቀሰች። አዜብም እኔም አለቀስን።

አማቴን ልጠራ ስወጣ በሩ ላይ የሉም። ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ሮጥኩ። ያኔ ጥጉ ላይ አንድ በር ተከፈተና አማቴ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ከኋላቸው ውሃው ሲለቀቅ ይሰማል።

"ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው" አልኳቸው።

ግድግዳውን ተደግፈው "ተመስገን፣ ተመስገን" እያሉ አለቀሱ። አቅፌያቸው ሳለሁ ዓይኔ የሽንት ቤቱ በር ላይ ወዳለች ትንሽ ሰሌዳ ሄደ። ደመና፣ ከደመናው ሥር ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር የሽንት ቤት መቀመጫ ተሥሎባታል። ይህ ሽንት ቤት በዝናብ ውሃ ይሠራል ትላለች። የጳጉሜ ሦስቱ ዝናብ ጄኔቭ ላይም ዘንቧል፤ የሆስፒታሉን ታንከር ደግሞ ማንም በጀሪካን አላራገፈውም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ነገር ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።

አማቴ ግን ቀና ብለው አዩኝ።

"ሰሌዳዋን እኔም አይቻታለሁ" አሉ። "ፈረንሳይኛ ባላውቅ ደመና አላውቅም?"

"ታዲያ እማዬ…"

"ምን ላድርግ፣ ፍርሃቱ ሆዴን አገላበጠው። ሩፋኤል ዛሬ ሥራው እዚያ ልጄ ክፍል ነው፤ እኔን የሚያይበት ጊዜ የለውም ብዬ ገባሁ" አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ክንዴን ያዙ። "በል አሁን ልጅቱን አሳየኝ። ያን የፈራሁትን በር እረግጠዋለሁ።"